አርባ ሦስት ድመት፣ አንድ ጆንያ

ዲላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

አፌ ነው ጠላቴ። ዛሬ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ጉድ አደረገኝ።

ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ተቆጣጣሪ ተክለጻድቅ ሰው ልኮ አስጠራኝ። «የከብት ሐኪም አይደለህ? ና!» ነው መልእክቱ። ሐኪም አይደለሁም። የእርሻ ሚኒስቴር የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፤ ሥራዬ ከብት መከተብ ነው። ዲላ ከመጣሁ አራት ዓመቴ፤ ይህን ለአንድ ሰው እንኳ ማስረዳት አልቻልኩም።

የተጠራሁት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ እማማ አትጠገብ ቤት ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጎረቤት «ሽታው ፈጀን» ብሎ ከስሷል። በሩ ሲከፈት የሽንቱ ሽታ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ በረት ውስጥ ያደግሁት ሰውዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ድመት አልጋው ላይ፣ ድመት ሣጥኑ ላይ፣ ድመት ቆጡ ላይ፤ የቀዘቀዘ ምድጃ ውስጥ ሳይቀር ድመት ተኝቷል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት። የግማሾቹ ዓይን በዓይናር ተጣብቋል።

እማማ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እግራቸው አብጦ ቆስሏል፤ ሽታው የድመት ብቻ አልነበረም። የእኅታቸው ልጅ ገሪማ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መኪናውን ደጅ አቁሞ ይርጋዓለም ሆስፒታል ልውሰድሽ እያለ ይለምናቸዋል። «እነዚህን ለማን ጥዬ?» ይላሉ። ተክለጻድቅ «ለመርዝ ነዋ» አለ፤ ቀልድ መስሎት። አሮጊቷ የአልጋውን ቋሚ ጨብጠው አልለቅም አሉ።

አፌ የተከፈተው ያኔ ነው። «እማማ፣ ይሂዱ። እኔ እጠብቃቸዋለሁ። አንድም አትሞትብዎትም» አልኩ። «ማልልኝ» አሉኝ። ማልኩላቸው። ቋሚውን ለቀቁና ሄዱ።

ተክለጻድቅ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ባለቤት አልባ ውሻ ይቆጠራሉ አለ። ለመሆኑ ማን ጠየቀኝ?


ጥቅምት 13

ቀኑን ሙሉ ድመት ስናጓጉዝ ዋልን። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ መጋዘን ውስጥ አስገባናቸው። እጄ ተቦጫጭሯል። ባለቤቴ ፀዳለ «ላሙ አልበቃህ ብሎ ነው?» አለችኝ። ደክሞኛል።


ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

በእንጨትና በሽቦ መጋዘኑን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ዓይንና አፍንጫቸው የሚፈስስ አሥራ ስድስት። ጆሯቸው በእከክ የተበላና ፀጉራቸው ክብ ክብ እየሠራ የረገፈ አሥራ አራት። ጤነኛ የሚመስሉ አሥራ ሦስት። ለዓይኑ የሰው ቅባት፣ ለእከኩ ድኝ በዘይት፣ ለጭርቱ አዮዲን። ደብረ ዘይት የተማርኩበት ደብተር ውስጥ ስለ ድመት ያለው ግማሽ ገጽ ነው፤ እሱም ስለ እብደት በሽታ ነው የሚያወራው።

የአሮጊቷ ጥፋት ይገባኛል። አንዷን ከዝናብ አስገቡ፣ ሌላዋን ከመንገድ አነሡ፣ የወለደችውን አልጣሉም። ሁለት ክፍል ውስጥ እንዲህ ከታጨቁ ደግሞ አንዱ ያነጠሰውን አርባ ሁለቱ ይተነፍሱታል። ያሳመማቸው ክፋት ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር። መውደድ ሆነና የምቆጣበት አጣሁ።

ስም አላቸው፤ ገሪማ ነገረኝ። ትልቁ ቡሬ ፊታውራሪ ነው። ጆሮ ቆራጣው ቀኛዝማች። አንድ ነጭ፣ ሰነፍና ወፍራም ድመት አለ፤ የእሱን ማዕረግ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጽፈውም፤ እንጀራ ያሳጣል።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ በቀለ ከሥጋ ቤት ሳንባ ለምኖ ያመጣልኛል። የቡሌ ጌዴኦ ነው፤ የሚስዮኑ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እያንጎራጎረ ሳንባውን ሲከትፍ ድመቶቹ ከእኔ ይልቅ እሱን ወደዱ። መድኃኒት የሚቀባ ሰው መቼም አይወደድ።


ጥቅምት 20

ሦስት ግልገሎች ሞቱ። ትናንት ይጫወቱ የነበሩ ናቸው። ጠዋት አረፋ እያስታወኩ አገኘኋቸው፤ ውሃው ሳሕን ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፣ አይጠጡም። ይህን ከዚህ በፊት አላየሁም። እከክም ጉንፋንም አይደለም።

አንድም አትሞትም ብዬ ነበር። ገና ስምንት ቀኑ ነው።

በቀለ ሬሳውን በጆንያ ወስዶ ከእንሰቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረ። ጆንያውንም አብሮ ሊቀብር ሲል ደረስኩበት።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«አባቴ ላም ሲሞት ገመዱን አብሮ ቀብሮ ነበር ጌታዬ። የሞተች ላም ገመዱ ላይ አለች ይል ነበር።»

ገመድ ላይ ላም! ሳቅሁበት። ቡና በሚወርድበት በዚህ ወር ዲላ ውስጥ ባዶ ጆንያ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ፤ ሁሉም ቡና ተሞልቶበታል። ያለን አንድ ነው፣ እሱም የመንግሥት ንብረት ነው። አራግፌ ሚስማሩ ላይ መለስኩት። በቀለ እጁን በአመድ ሲያሽ ብዙ ቆየ።


ጥቅምት 25፣ ሰኞ

የሞቱት ስምንት ደረሱ። ሁሉም ትናንሽ። ትልልቆቹ ደህና ናቸው።

ደግ ነገርም አለ። የቡና ነጋዴዋ ሀዲጃ መጣች። መጋዘኗን አይጥ ወርሮታል፤ ያለቻት ድመት አንድ ናት፣ እሷም አርጅታለች። «ዶክተር፣ ከነዚህ ከመኳንንቶችህ አንዱን ስጠኝ» አለች። ሁለተኛ «ዶክተር» እንዳትለኝ ነገርኳት። «እሺ ዶክተር» አለች። ነገሩ ግን ብርሃን ሆኖ ታየኝ። ጤነኞቹን ለየመጋዘኑ ባድል መጨናነቁ ይቀላል፤ ድመቶቹም እማማ እስኪመለሱ በልተው ያድራሉ።

ቀኛዝማችን መረጥንላት። አወሳሰዱን ሀዲጃ ራሷ አዘዘችኝ፣ እኔም ከእናቴ ቤት አውቀዋለሁ፤ ድመት መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ታፍና ትሄዳለች፣ ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ ትዞራለች፤ ከዚያ ጆንያው ሦስት ቀን አዲሱ ቤት ውስጥ ይነጠፍላታል፣ የለመደችው ሽታ ላይ እንድትተኛ። ያለበለዚያ ተመልሳ ትመጣለች። ያው ጆንያችን አገለገለ። የሀዲጃ አሮጊት ድመት መጥታ አሸተተችው፣ እንደ ባለቤት ዞረችውና ተኛችበት። ሀዲጃ ሳቀች። ድመቶቹን ከተረከብኩ ወዲህ ደስ ያለኝ ዛሬ ነው።


ጥቅምት 30

ሁሉም ድመት ይፈልጋል። ጆንያውን ከሀዲጃ አንሥቼ ሁለተኛዋን ወሰድኩ፤ ለሦስተኛዋ ከነገ ወዲያ ሌላ ነጋዴ ይጠብቀኛል። በተራ ነው፤ ጆንያው አንድ ስለሆነ። ሰው መንገድ ላይ ሰላም ይለኝ ጀመር።

ትናንሾቹ ግን አሥራ አንድ ሞቱ። ጆንያው በተመለሰ ቁጥር በእሱ እየወሰድን እንቀብራለን።

ገሪማ ከይርጋዓለም መጣ። የእማማ እግር ይቆረጣል ተብሎ ነበር፣ አሁን በመርፌ እየዳነ ነው። «ጠዋት ማታ የምትጠይቀኝ ስለ ድመቶቹ ነው። ምን ልበላት?» አለኝ።

«ሁሉም ደህና ናቸው በልልኝ» አልኩት።

የታመመ ሰው አይረበሽም። ሐኪም ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር።


ኅዳር 6፣ ዓርብ

የሀዲጃ ድመት ሞተች። ቀኛዝማች አይደለም፤ የራሷ፣ አሮጊቷ። አረፋ አስታውካ፣ ውሃው ላይ አንገቷን ደፍታ። ቀኛዝማች አጠገቧ ሆኖ ጢሙን ያጸዳል።

ሀዲጃ አላለቀሰችም። «አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ ነበረች» ብቻ አለች። እርጅና ነው አልኳት። እርጅና ሊሆን ይችላል።


ኅዳር 7

ደብረ ዘይት ላሉት ለቀድሞው መምህሬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ምልክቱን ሁሉ ዘረዘርኩ። አካሄዱን ብቻ ሳይሆን ያደረግሁትን ጥንቃቄም ጻፍኩ፤ መለየቴን፣ ሳሕን መቀቀሌን፣ እጄን መታጠቤን። ምንም የቀረኝ ነገር የለም።


ኅዳር 9

ሁለተኛዋ በገባችበት መጋዘን የቤቱ ድመት ሞተ። ሦስተኛዋ በገባችበት ሁለት። የሰጠኋቸው ግን አንዳቸውም አልታመሙም! ይህ ነው የሚያሳብደኝ። የታመመ ከብት ሲገባ መጀመሪያ ራሱ ይወድቃል እንጂ ጤነኛ ሆኖ ሌላውን አይገድልም። ገበያ መሃል አንዲት ሴት ከኋላዬ «የአትጠገብ ድመቶች ነፍስ ይወርሳሉ» ስትል ሰማሁ። ዞር ስል ፊቷን አዞረች።

ክንዴ ላይ ክብ ነገር ወጥቶ ያሳክከኛል። ፀዳለ ጭርት ነው አለች። የቡና ቅጠል ነክቶኝ ነው አልኳት።


ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ አውጥቶ አቃጠለ፤ ከተማው ጭስ በጭስ ሆነ። ፀዳለ አሮጌ ምንጣፍ፣ የተቀደደ ሰሌን፣ የእኔን ቡትቶ ሸሚዝ ሳይቀር አውጥታ ከመረችው። ከዚያ ለአምስተኛዋ ድመት ብዬ ቤት ያሳደርኩትን ጆንያ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች።

«ይኸም ይቃጠል። ሽታው አያስተኛም።»

«ገና ያገለግላል። የመንግሥት ነው።»

«በሽታ የሚታጠነው እኮ ዛሬ ነው፤ ከዛሬ ወዲያ መቼ ልታቃጥለው ነው?»

ከእጇ ቀማኋት። ጭሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ ቆምኩ፣ ስልችት ብሎኝ። የኅዳርን በሽታ ያባረረው ጭስ ሳይሆን የሰው መለያየት ነው ብዬ ንግግር አደረግሁላት። የአያቶቻችን ዘመን ሌላ፣ የእኛ ሌላ። ጥሩ ተናገርኩ። ምግብ አላቀረበችልኝም።


ኅዳር 15

አራተኛዋ የገባችበት ቤትም እንደዚያው ሆነ። የከተማው ድመት እስካሁን አሥራ አራት ሞቷል። ነጋዴዎቹ የሰጠኋቸውን አምስቱንም መለሱ፤ ማለት እኔ ነኝ ጆንያዬን ይዤ እየዞርኩ የሰበሰብኩት። አንዱ ደጃፉ ላይ ተፋ። በእኔ ላይ አይደለም፣ በድመቷ ላይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

በድመቶቹ ላይ ያልተወራው ሁሉ አሁን በአሮጊቷ ላይ ይወራ ጀመር። ዓይነ ጥላ አለባት፣ ቡዳ ናት፣ ባሏንም እሷ ናት የበላችው። ሰዎቹ ተኝተው የተነሡ ይመስል ትናንት ያላሉትን ዛሬ ይላሉ። ከመጋዘናችንም የሞቱት አሥራ አምስት ሆኑ፤ አሁን ትልልቅም እየጨመረ ነው።

ገሪማ አላፊ አግዳሚውን ጠይቆ ሰምቷል። «እውነት ሁሉም ደህና ናቸው?» አለኝ። «አብዛኞቹ» አልኩት።


ኅዳር 20

ከመጋዘኑ አሥራ ሰባት። የቀሩን ሃያ ስድስት ናቸው።

ነጋዴዎቹ ለማዘጋጃ ቤት አቤቱታ አስገቡ። አሥራ አንድ ፊርማ፣ አንደኛዋ ሀዲጃ። ድመቶቹ በመርዝ ይወገዱ፣ ቤቱ ይታሸግ፣ ሴትዮዋ ስትመለስ ዘመድ ጋ ትሂድ ነው የሚለው። ተክለጻድቅ ኅዳር 28 ቀን ቆርጧል። «የጠየቅኸኝን ጊዜ ሰጥቼሃለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይህም ያናድደኛል።

አለቃዬ ደግሞ ሌላ አመጣ። ቡሌ ላይ የከብት ክትባት ዘግይቷል። ከብት የሚፈጀውን በሽታ «ደስታ» ብሎ የሰየመው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ፤ ክትባቱን አሁን ካላደረስን በጋውን ከብቱ ሲያልቅ እናያለን። «በእኔ ዕቅድ ውስጥ ድመት የለም» አለኝ። በድመቶቹ ምክንያት ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዣለሁ። ከኅዳር 28 በፊት አልሄድም አልኩት። እሳት ለበሰ።


ኅዳር 23፣ ሰኞ

የመምህሬ መልስ መጣ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነጩን የደም ሕዋስ የሚፈጅ የድመት በሽታ ነው ይላሉ። ከድመት በቀር ሌላ ፍጡር አይነካም። ሲያጠቃ በሁለትና በሦስት ቀን ይገድላል፤ የተረፈ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይታመምም። የአሮጊቷ ትልልቅ ድመቶች ያልታመሙት በልጅነታቸው ታመው ስለተረፉ ይሆናል፤ የከተማው ድመት ግን በሽታውን አያውቀውም። እዚህ ድረስ ደህና ነው።

ከዚያ በታች በቀይ ቀለም አስምረውበታል፤ «በድመት ብቻ አይሄድም። በጨርቅ፣ በጫማ፣ በመኝታ ይሄዳል፣ ወራትም ይቆያል። የሞቱትን የያዘ ማንኛውም ነገር መቃጠል አለበት። አንተ ጠንቃቃ ተማሪ ስለነበርህ ይህን አድርገሃል ብዬ አምናለሁ።»

ጆንያው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

እኔ ነኝ። ሬሳ የወሰድንበትን አራግፌ ሰው ቤት ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። በየመጋዘኑ ሦስት ሦስት ቀን። በቀለ ነገረኝ፣ ፀዳለ ነገረችኝ። ሁለቱንም አስተማርኳቸው!


ኅዳር 24

ጠዋት ጆንያውን አቃጠልኩት። በቀለ አየኝ። 

ለተክለጻድቅ መንገር አለብኝ። ድመቶቹ አሁን ማንንም አይጎዱም፤ ካልተነካኩ፣ መጋዘኑ ከተዘጋ አለቀ። አሮጊቷም ቡዳ አይደሉም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ሰው ተሰልፎ ስለነበር ተመለስኩ።


ኅዳር 25

ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ስብሰባ ላይ ናቸው። ሪፖርት ጻፍኩ፤ «የበሽታው መንሥኤ በመጠናት ላይ ስለሆነ ውሳኔው ለጊዜው ቢቆይ» የሚል። ጨዋ አጻጻፍ ነው። «በጆንያ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። የጽሕፈት ወረቀቱ ተበላሸ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ ተውኩት።

ይህን ለማን ብዬ ነው የማለሳልሰው? ብናገር ነገ «አሥራ አራት ድመት የፈጀ ሐኪም» ነኝ። ቡሌ ውስጥ ከብቱን የሚያስከትብ ገበሬ አይገኝም። በእኔ ምክንያት ክትባት ቢቀር ስንት ከብት ያልቃል? ለሃያ ስድስት ድመት ስንት መቶ ከብት? ይህም መታሰብ አለበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የሚሉት ሰዎች ደብቀው የማያውቁ ይመስል።


ኅዳር 26

ቡሌ እሄዳለሁ። አለቃዬ አዝዟል፤ መታዘዝ ግዴታዬ ነው። ሪፖርቱን ለተክለጻድቅ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። የበቀለ ፊት ደስ አላለኝም። «ቅዳሜ እዚህ የለህም ጌታዬ?» አለኝ። የለሁም አልኩት።


ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ ቡሌ

ብርድ። መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘውና ቀሪውን ከክትባቱ ሣጥን ጋር በእግር ወጣን። ዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ ከብት።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሦስት ሰዓት መንገድ መጣ። በሬው ታሟል፣ ተቀላቅሎ ሲግጥ ነበር። «በሬ የኔ ናት። ጎረቤቱን ሁሉ ቤት ለቤት ነግሬ ነው የመጣሁ፣ ላማቸውን እንዲያስሩ» አለኝ። አልተቆጡህም ወይ አልኩት። «ተቆጣ እንጂ። ግን አሰረ» አለ።

ጎበዝ ሰውዬ ነው። በሬውን አየሁት፤ የፈራነው በሽታ አይደለም፣ አፉ ቆስሎ ነው።

አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል። ዲላ ላይ ለድመቶቹ መርዝ ያለበትን ሥጋ የሚሰጡት በዚህ ሰዓት ነበር። ተክለጻድቅ ሪፖርቴን አንብቦት ይሆናል።


ታኅሣሥ 1

አላነበበውም። ፖስታው እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ነው።

መጋዘኑ ባዶ ነው። ታጥቧል። በቀለ የነገረኝን እንደነገረኝ እጽፋለሁ። ዓርብ ማታ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፤ እመለሳለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ቅዳሜ ሲነጋ የቤቱን የቡና ቅርጫት ይዞ ገባ።

«አንድ ቅርጫት ሰባት ብቻ ነው የሚይዘው ጌታዬ። ስምንተኛው ወጥታ ወደቀች። ሁለተኛ ልመለስ ስል የማዘጋጃ ሰዎች በር ላይ ነበር።»

ሰባቱ ቤቱ ናቸው፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል በተከለለ ጓዳ። ፊታውራሪ የለበትም። ቅርጫቱን በአመድና በፈላ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ደፍቶታል። እኔ አላስተማርኩትም።

አሥራ ዘጠኝ።

በቀለ ላይ ልቆጣ ሞከርኩ፤ ያለ ትእዛዝ የመንግሥት መጋዘን ከፍተሃል ብዬ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።


ታኅሣሥ 2

ተናገርኩ። ተክለጻድቅ ቢሮ፣ ሦስት ነጋዴዎች ባሉበት፣ ደብዳቤውን ዘርግቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሥራዬን፣ ስሜን፣ ሁሉንም ለማጣት ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

ተክለጻድቅ ሳቀ። «በጆንያ? በጆንያ ነው እንዲህ ያረግከን?» አለ። ነጋዴዎቹም ሳቁ። ከዚያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቅዳሜ ብትለኝ ኖሮ ሥጋዬንም አላባክን» አለና ማኅተሙን ፈለገ። የቤቱን እሸጋ ሰረዘው። ሻይ አዘዘልኝ።

ይኸው ነው። የፈራሁት ሁሉ ይህ ነበር፤ ሳቅና አንድ ብርጭቆ ሻይ።


ታኅሣሥ 3

ሀዲጃ አልሳቀችም። ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ሰማችኝ።

«ድመቴን አንተ ገደልክብኝ፣ ይሁን፤ አላወቅህም። እኔ በዚች አሮጊት ላይ ስፈርም ግን ታውቅ ነበር?»

«ያኔ አላውቅም። ከሦስት ቀን በኋላ ነው ያወቅሁት።»

«መርዙ ከመሰጠቱ በፊት?»

«በፊት።»

«ወላሂ ብትነግረኝ ፊርማዬን ሄጄ እፍቅ ነበር። አሁን እሷን በምን ዓይኔ ነው የማያት?» አለች። ወደ ሠራተኞቿ ዞረች። «ዶክተር» አላለችኝም።


ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ እማማ አትጠገብ ተመለሱ። በምርኩዝ ነው፤ እግራቸው ግን የራሳቸው ነው።

ገሪማ ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር፣ እኔ ልንገራቸው ብዬ አስቀረሁት። ከበቀለ ቤት ሰባቱን አምጥተን አስቀድመን አስገባን። ቤቱ ታጥቧል፤ ፀዳለ ናት ያጠበችው፣ ሳልጠይቃት። እማማ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። አንዲቷ መጥታ እግራቸውን ዞረች። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡና «በል ተናገር» አሉኝ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ግልገሎቹን፣ ጆንያውን፣ የከተማውን ድመት፣ ደብዳቤው የደረሰኝን ቀን፣ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ የተመለስኩትን፣ ቡሌን። በገሪማ የላክሁባቸውን ውሸትም። አላቋረጡኝም።

«በበሽታው ስንት ሞቱ?»

«አሥራ ሰባት።»

«በአንተ ዝምታስ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

አላለቀሱም፣ አልተራገሙም። ቢራገሙኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን ዝም አልክ ብለው ጠየቁኝ፤ አፍሬ ነው አልኳቸው። «ሰው አፈረ ተብሎ ፍጡር ይሞታል?» አሉና ጭናቸው ላይ የወጣችውን ድመት ዓይን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ዓይኗ አሁንም ይፈስሳል። ቅባቱ ሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ መቀባት አለበት።

«ነገ ጠዋት መጥቼ ቅባቱን አደርግላታለሁ፤ በየቀኑ እመጣለሁ» አልኳቸው።

«እመጣለሁ አትበለኝ» አሉ። «ከመጣህ ና።» በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና በሩን ዘጉት።